ስልሳ ቀንና ሰማንያ ቀን

ደብዳቤው አቴንስ የደረሰው ሕፃኗ በተወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው። ሁለቱንም ቀን የመኪና ማቆሚያ ትኬት ጀርባ ላይ ጽፌ ስላስቀመጥኩ አልሳሳትም። የምሠራው ዴንቨር፣ የአንድ ሆስፒታል የመኪና ማቆሚያ መውጫ ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ትኬቱን ይሰጠኛል፣ እኔ በሩን እከፍትለታለሁ። በአንዱ መኪናና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ የኔ ነው። ትምህርት ያቋረጥኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን አብዛኛውን ነገር የተማርኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ስልኬ ላይ ሦስት ፎቶ ገባ። የላከችልኝ አቴንስ ከአክስቴ ጋር ቤት የምትጋራ ሴት ናት። የድምፅ መልእክትም አክላበታለች። «ፖስተኛው አስፈርሞኝ ሄደ። የመንግሥት ማኅተም አለው። ለሷ ከመላኬ በፊት አንተ እየው ብዬ ነው፤ የምታነበው አንተ ነህ።»

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። አቴንስ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች። ያን ሰሞን ግን እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነበረች፤ ልጇ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አራስ ልትጠብቅ መጣች። ቪዛዋ የስድስት ወር ነበር። ይህን ቪዛ ከማግኘቷ በፊት ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለት ጊዜ ተከልክላለች። የልጇን ሠርግ በስልክ ነው ያየችው።

ለግሪክ ዜግነት ካመለከተች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ፈተናውን አልፋለች፣ ሦስት ሰዎች ፊት ቀርባ ቃለ መጠይቁንም ጨርሳለች፤ የሚቀረው ውሳኔው ነው። ዜግነቱን ለምን እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ቶሎ የምትሰጠው መልስ ልጇ ናት። ያ ፓስፖርት ካላት ኤምባሲ በር ላይ ሳትለማመጥ በየዓመቱ አውሮራ መምጣት ትችላለች። ሌላውን መልስ የምትናገረው ለሚቀርባት ሰው ብቻ ነው። መምረጥ ትፈልግ ነበር።

አንድ ጊዜ መርጣለች። ግሪክ ብዙ ዓመት የኖሩ የውጭ ሰዎች የከተማ ምክር ቤት እንዲመርጡ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታ ነበር። አክስቴ ቡናማ ካፖርቷን ለብሳ ሰፈሯ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄደች። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ስትከት ግድግዳው ላይ ልጆች የሳሉት መርከብ ነበር፤ መርከቡን ሁልጊዜ ታነሳዋለች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት መምረጥ የዜጋ ብቻ ነው ብሎ ሕጉን ሻረው። «እኔ የመረጥኩት ሰውዬ ግን አሸንፏል» ትላለች። «የኔን ድምፅ ከሱ ላይ ነቅለው አልወሰዱም።»

ግሪክኛ እንደ አገሬው ትናገራለች፤ ስታነብ ግን ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ነው። ለፈተናው ስትዘጋጅ የጥያቄ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳች ትልክልኝ ነበር። እኔ ከአውሮራ ቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ ፊደሉን ለብቻዬ አጥንቼ፣ እሷ ልብስ ስትተኩስ በስልክ አነብላት ጀመር። አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። ፓርላማው ስንት መቀመጫ አለው፣ ፕሬዚዳንቱን ማን ይመርጣል፣ አገሩ ወደ አውሮፓ ማኅበር መቼ ገባ። እሷ አለፈች፣ እኔ ደግሞ በዚያው ማንበቡን ቀጠልኩ። ግሪክም ስፔንም ፖርቱጋልም ከአምባገነን መንግሥት ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ የሰሜኖቹን በር እንዴት እንዳንኳኩ፣ ልጆቻቸው ከዚያ በፊት ለጀርመን ፋብሪካ ሻንጣ ይዘው እንዴት እንደሄዱ፣ ምን ያህል ወረቀት እንደተጠየቁ አነበብኩ። ስለ አገሮች የሚያወራ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ስለ አክስቴ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

ደብዳቤውን በዚያ ጠዋት በአርባ መኪና መካከል አነበብኩት። ማመልከቻዋ ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ቋንቋውን ታውቃለች፣ ስለ አገሩ የፖለቲካ ተቋማት የተጠየቀችውን መልሳለች፤ ነገር ግን በአገሩ ኢኮኖሚያዊ ሕይወት በበቂ ሁኔታ መዋሐዷን አላሳየችም። ለዚህም ምክንያቱ የሁለት ዓመት ክፍተት ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት የሠራተኛ መድን ቴምብር የላትም፤ ግሪክ አገር ሠርተሃል የሚባለው ቴምብሩ ሲኖር ነው። የመጨረሻው አንቀጽ በትንንሽ ፊደል ነው። ደብዳቤው ከደረሰበት ማግስት አንስቶ በስልሳ ቀን ውስጥ መቃወም ይቻላል።

ሁለቱን ዓመታት አውቃቸዋለሁ። የገንዘብ ቀውሱ የመጣ ጊዜ ነው። አክስቴ የምትሠራላት አሮጊት ጡረታዋ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ ሰው ገንዘብ ማውጫ ማሽን ፊት ተሰልፎ የሚውልበት ጊዜ። ከሰሜን፣ ከአበዳሪዎቹ አገሮች፣ ፋይል የያዙ ሰዎች እየመጡ የአገሩን ሚኒስትሮች ያናዝዙ ነበር። አሮጊቷ ቴሌቪዥን እያየች፣ «አሁን እኛን የሚያዩን ኢሚግሬሽን አንቺን እንደሚያይሽ ነው» አለቻት። አክስቴ ስታወራው ትስቅበታለች። በዚያው ሳምንት ግን አሮጊቷ ደሞዙንም ቴምብሩንም አብሮ መክፈል እንደማትችል ነገረቻት፤ አክስቴም ቴምብሩ ይቅር አለች። ሌላ ሥራ አልነበረም። አሮጊቷም ብቻዋን ከአልጋ መነሳት አትችልም ነበር።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቼ በአውቶቡስ ወደ አክስቴ ልጅ ቤት ሄድኩ። ወደ ላይ አልወጣሁም። ባሏን ውረድ ብዬ ጻፍኩለት። ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል፤ ደግ ሰው ነው፣ ሲጨነቅ ብዙ ያወራል። አብራው ከጎረቤት ከተማ ከሴንቴኒያል አራስ ልትጠይቅ የመጣች ሴትዮ ወረደች፤ የሕፃኗ ክርስትና እናት እንድትሆን የተመረጠችው እሷ ናት። በረዶ ስለነበር እሱ መኪና ውስጥ ገባን፤ ማሞቂያውን ከፈተ።

«ተከለከለች» አልኩ።

«ማን?»

«አክስቴ። ዜግነቱን።»

ክርስትና እናቷ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ትከሻዬን ያዘች። «ስማ፣ አንተ ልጅ። ይቺን ወሬ ይዘህ እዚያ ቤት እንዳትገባ። አራስ ቤት ነው። እናትየው ካለቀሰች ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ልጅቷ ካለቀሰች ጡቷ ይደርቃል።»

«ሰው እኮ አልሞተም።»

«ሰው ቢሞትም አይነገርም። እኔ አራስ ሆኜ ወንድሜ ሲሞት ሦስት ወር ሙሉ ሥራ በዝቶበት ነው እያሉ አታለሉኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።»

«ወረቀቱ ስልሳ ቀን ይሰጣል» አልኩ። «በስልሳ ቀን ውስጥ መቃወም ትችላለች።»

«በቃ፣ ስልሳ ቀን ብዙ ነው» አለ ባልየው። «ክርስትናው ይለፍና ረጋ ብለን እንነግራታለን።»

«ሴት ልጅ ናት። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው» አልኩ።

«ስልሳው የሚቆጠረው ግን ከዛሬ ነው፤ ሕፃኗ ደግሞ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው...» ጣቱን መሪው ላይ እያንቀሳቀሰ ቆጠረ።

«ከነገ ነው የሚቆጠረው። በሰባ ሁለተኛው ቀኗ ያልቃል። ስምንት ቀን ይጎድላል።»

«ኧረ ይሄ ልጅ ካልኩሌተር ነው» አለች ሴትዮዋ። «ስድስት ዓመት ያቆያት መንግሥት ስምንት ቀን ሊቆጥርባት?»

«ይቆጥራል» አልኩ።

ባልየው ዞሮ አየኝ። «እሺ ነገርናት እንበል። ምን ታደርጋለች? እዚህ ሆና? ነገውኑ ቲኬት ቁረጡልኝ ነው የምትለው፤ ታውቃታለህ። ሚስቴ በኦፕሬሽን ነው የወለደችው። እኔ ኦፍ የወሰድኩት ሁለት ሳምንት ነው፣ አልቋል። ያቺ ሴት አሁን ከወጣች ደግሞ ተመልሳ ቪዛ ማግኘቷን አምላክ ነው የሚያውቀው። ማን አለን ሌላ?»

የጠየቀው እኔን ነበር። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። አቴንስ ላለችው ሴት ለጊዜው ዝም በይ የሚለውን መልእክት የላክኩት እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ነው የላክኩት። የአክስቴን ልጅም ሌሊቱን ባሏ ነግሯት ኖሮ፣ በማግስቱ «ተወው እስኪ» ብላ አጭር መልእክት ጻፈችልኝ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር አነበብኩ። ለመቃወም ራሷ መሄድ አያስፈልጋትም። አቴንስ የሚኖር ጠበቃ በውክልና ሊያስገባላት ይችላል፤ ለቤት ሠራተኞች በነፃ የሚሠሩ ጠበቆችም አሉ። ይህንንም በትኬቱ ጀርባ ጻፍኩት፤ ትኬቱን በክፍሌ መስታወት ጥግ ላይ አጣበቅኩት። ለባልየው ብነግረው ሰበቡ ግማሹ ይፈርስበት ነበር። አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሥራ ስወጣ ወደዚያ ቤት መሄድ ለምጄ ነበር። የምኖርባት ክፍል ውስጥ ከኔ ሌላ የሚናገር ነገር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። እዚያ ስሄድ አክስቴ ሳህኔን ቀድማ ታስቀምጥልኝና ቀኑን ምን እንዳነበብኩ ትጠይቀኛለች። እንደዚያ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለም።

በየሁለት ሦስት ቀኑ ሌላም ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

«ከአቴንስ ምንም የለም?»

«ምንም።»

መጀመሪያ ያልኩ ጊዜ ፊቴ የከዳኝ መስሎኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አራተኛ አምስተኛው ላይ ቀላል ሆነ። ይህንንም መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል፤ እየቀለለ ነው የሚሄደው።

ከሁሉ የከበደኝ የመሐላው ጊዜ ነው። ዜግነት የተፈቀደለት ሰው ባለሥልጣን ፊት ቆሞ ለአገሩና ለሕጉ ታማኝ እንደሚሆን ይምላል። አጭር ነው፣ ሁለት ሦስት መስመር ቢሆን ነው። አክስቴ እንዳትደናቀፍ በቃሏ ልትይዘው ፈለገች። ሕፃኗን የምታጥበው ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ ነው። አንድ እጇን ከሕፃኗ አንገት ሥር አድርጋ፣ በሌላው ውኃ እያፈሰሰች ትምላለች። እኔ መሐላው የተጻፈበትን ወረቀት ይዤ ማቀዝቀዣው አጠገብ እቆማለሁ።

«እንዴት ነኝ?»

«ሦስተኛዋ ቃል ላይ ትንሽ ትቸኩያለሽ።»

«ፈርቼ ነው። እዚያ ደግሞ ሰውዬው ይኖራል፣ ባንዲራው ይኖራል። አሮጊቷ ብትኖር ኖሮ አብራኝ ትሄድ ነበር፤ ‹ከመሐላው በኋላ ካፌ ወስጄሽ፣ አንቺ ተቀምጠሽ እኔ ቡናውን አመጣልሻለሁ› ብላኝ ነበር። ብቻዋን ቆማ መራመድ የማትችለዋ ሴትዮ።» ሳቀች። ከዚያ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ብላ፣ «አንቺ ግን ታድለሻል» አለቻት። «አንዴ በመጮህ ብቻ ዜጋ ሆነሽ ቁጭ።»

የአክስቴ ልጅ ሶፋው ላይ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አክስቴ መሐላውን ከመጀመሪያው ጀመረች፤ በዚህኛው ጊዜ ሦስተኛዋ ቃል ላይ አልቸኮለችም።

ሰባ ሁለተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። እኔ እንዳነበብኩት የመጨረሻው ቀን መሥሪያ ቤት በሚዘጋበት ቀን ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል። ሁለት ቀን ተጨመረላት ማለት ነው። እሁድ ስልኬን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ። ሰኞ ጠዋት እነግራታለሁ፣ የፈለገው ይምጣ ብዬ ተኛሁ። ሰኞ ተነስቼ ልብሴን ለብሼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ደርሼ ሰዓቴን አየሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። አቴንስ በዘጠኝ ሰዓት ይቀድመናል። እዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ መሥሪያ ቤቱ ተዘግቷል። ይህን ልዩነት ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ለፈተናው ስናጠና አንድ ዓመት ተኩል በየቀኑ ያሰላሁት ሰዓት ነው። አውቶቡሱ መጣ፣ ገባሁ፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ትኬቱን ከመስታወቱ ላይ ላጥኩትና ኪሴ ከተትኩት።

ክርስትናው በሚቀጥለው እሁድ፣ በሰማንያኛው ቀን ተፈጸመ። ጾም ስለገባ ድግሱ የጾም ነበር። አክስቴ ነጭ ለብሳ ሕፃኗን ይዛ በተነሳችው ፎቶ ላይ እኔም ጥግ ላይ አለሁ። ማታውኑ ባልየው ወደ በረንዳው ጠራኝና ነገ ጠዋት እንደሚነገራት፣ ሽማግሌ እንደለመኑ ነገረኝ። «በሥርዓቱ ይሁን ብለን ነው» አለ። «አንተም ኑር፤ ወረቀቱን ስለምታውቀው።»

«ጊዜው እኮ አልፏል» አልኩት።

«እሱን አሁን አታንሳው» አለኝ።

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገና ጭለማው ሳይለቅ፣ የቤቱ በር ተንኳኳ። የአክስቴ ልጅ የንስሐ አባት ከፊት ናቸው። ቀጥሎ ክርስትና እናትየዋ፣ ከዚያ ከእድሩ ሁለት ሽማግሌዎች። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ምንም ሳይሉ ሳሎኑ ውስጥ ዙሪያውን ተቀመጡ። እኔ በር አጠገብ ቆምኩ። አክስቴ ሕፃኗን ከምታስተኛበት ክፍል በሌሊት ልብሷ ወጣች። አየቻቸው። ሰዎች በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቀማመጥ ሰው ቤት የሚቀመጡት ለምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። የወንበሩን ጀርባ ያዘች።

«ማን ነው?» አለች። «ወንድሜ ነው? ነገረኝ ነበር፣ ኩላሊቱን... እሱ ነው?»

«አይደለም፣ ልጄ» አሉ አባ። «ቁጭ በዪ።»

«ታላቅ እህቴ ናት?» ወደ እኔ ዞረች። «እናትህ ናት? እናትህ ናት እንዴ?»

«ሰው አልሞተም» አሉ አባ። «ሁሉም ደህና ናቸው። እናመሰግነዋለን።»

«አባ፣ ታዲያ ምን ሊያረዱኝ መጡ?»

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምድራዊ ዜግነት አላፊ መሆኑን፣ የሰው ልጅ አገሩ በሰማይ መሆኑን ተናገሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው ከዴንቨር ማዶ በበረዶ መጥተው ነው። አክስቴ ግን ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። ሲጨርሱ፣ «ወረቀቱ መጣ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንብበው።»

«አክስቴ፣ በኋላ ብቻችንን...»

«እዚሁ። ሊሰሙ አይደል የመጡት? አንብበው።»

ስልኬን አውጥቼ በአማርኛ አነበብኩት። ቀድሜ ተርጉሜ ስለነበር አልተደናቀፍኩም። ኢኮኖሚያዊ ሕይወት የሚለው ላይ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች፤ ሁለቱ ዓመታት ሲጠቀሱ፣ «አውቄዋለሁ፣ ያቺ መነጽር ያደረገችው ናት፣ ቃለ መጠይቁ ላይም እሱን ነው የጠየቀችኝ» አለች። ድምፅዋ የሚያዝን ሰው ድምፅ አልነበረም። የሥራ ድምፅ ነበር፤ አሁን ምን እናድርግ የሚል። የመጨረሻውን አንቀጽ አነበብኩ።

«ስልሳ ቀን» አለች። «እሺ። መቼ ነው የደረሰው?»

ቀኑን ነገርኳት።

አልቆጠረችም። የምትቆጥር መስሎኝ ነበር። ቀኑን በሕፃኗ ነው ያሰበችው፤ ወደ መኝታ ክፍሉ በር ዞር ብላ፣ «እምብርቷ በወደቀ ሰሞን» አለች።

ከዚያ ገባች። ከሕፃኗ አልጋ ሥር ሻንጣዋን ስትጎትት ሰማን። ተመልሳ ስትመጣ አረንጓዴ ፋይሏን ይዛ ነበር፤ ፋይሉን አውቀዋለሁ፣ ግማሹን ወረቀት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ከውስጡ ግን አንድ የማላውቀው ወረቀት አወጣች። የአሮጊቷ ልጅ የጻፈችው ማረጋገጫ ነው። እናቷ ቤት በነዚያ ሁለት ዓመታት ያለማቋረጥ መሥራቷን፣ ቴምብሩ የቀረው በቤተሰቡ ችግር መሆኑን ይገልጻል። ፊርማው በመንግሥት ቢሮ ተረጋግጧል፣ ማኅተም አለው። ያቺ ባለ መነጽር ሴት ከጠየቀቻት በኋላ፣ አሮጊቷ ሞታ ስለነበር፣ ልጇን ፈልጋ ያጻፈችው ነው። ምናልባት ቢፈለግ ብላ አውሮራ ድረስ ይዛው መጣች።

ለአባ ሰጠቻቸው። ግሪክኛውን ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለች። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ማኅተሙን አዩት።

«እማዬ፣ እኛ እኮ እንዳትደነግጪ...» አለች ልጇ ከክፍሉ በር ላይ።

«ለቅሶ ደራሽ ሆናችሁ መጣችሁ» አለች አክስቴ። ሁላቸውንም ነው ያለችው፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «ታሞ ሳለ ብትነግሩኝ ሐኪም ቤት እወስደው ነበር።»

ክርስትና እናትየዋ ማልቀስ ጀመረች። ባልየው መሬት መሬቱን ያያል። አንደኛው ሽማግሌ፣ እንደገና ማመልከት አይቻልም ወይ ብለው ጠየቁ፤ ይቻላል አልኩ፣ ከመጀመሪያው ተጀምሮ። ስንት ዓመት ይፈጃል አሉ። ሕፃኗ ነቅታ ስትጮህ አክስቴ ወረቀቷን ከአባ እጅ በቀስታ ተቀብላ ፋይሉ ውስጥ መለሰችና ወደ ውስጥ ገባች። እንግዶቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ሄዱ። ጫማቸውን ሲያደርጉ ብዙ ቆዩ።

ቪዛዋ እስኪያልቅ ሦስት ወር ያህል ቀርቶ ነበር፤ ሁሉንም ቆየች። ሕፃኗን አጠበች፣ ልጇን አበላች፣ ለኔም ሳህኔን አስቀመጠች። አልተቆጣችኝም። አንድ ቀን ግን ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ «እነሱ አያነቡም» አለች። «አንተ ታነባለህ።» ምን እንዳነበብኩ መጠየቋን ያቆመችው ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ይመስለኛል፤ የዚህኛውን ቀን አልጻፍኩትም።

ኤርፖርት የሸኘናት በባልየው ሚኒባስ ነው። ሻንጣዋን እኔ ይዤ ነበር። ፋይሉን በእጇ ይዛው ነበርና ለፍተሻ ስትሰለፍ ፓስፖርቷን ለማውጣት ተቸገረች። ልያዝልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። «ግድ የለም» አለችኝ፣ ፋይሉን በብብቷ አጥብቃ ይዛ፣ በአንድ እጇ እየፈለገች። ከኋላዋ የነበሩት ሰዎች ጠበቁ። አገኘችው፣ አለፈች።

አቴንስ እንደተመለሰች አዲስ ማመልከቻ አስገባች። ይህን የሰማሁት ካስገባች ከወር በኋላ፣ ከልጇ ነው። ደብዳቤዎቹን አሁን ራሷ ታነባለች አሉኝ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ አንዱን ገጽ ሙሉ ከሰዓት እየፈጀች። ያቺ አብራት የምትኖረው ሴትም ፎቶ አትልክልኝም። እኔ የማቆሚያው በር ላይ ነኝ። መዝገበ ቃላቱን ለቤተ መጻሕፍቱ መልሻለሁ።

እሁድ እሁድ እደውልላታለሁ። ስለ ሕፃኗ ታወራኛለች፤ ጥርስ እንዳወጣች ከኔ ቀድማ ታውቃለች። ሌላው ወሬ ሲያልቅ እጠይቃታለሁ።

«ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ ነገር አለ?»

«ምንም» ትለኛለች።

በደንብ ነው የምትለው። ሳትቸኩል፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። መኖር አለመኖሩን ልለየው አልችልም።